በአውራ ጣት የተሸፈነ ካርታ

በህንዷ የኢንዶር ከተማ ሰው ዘመዱን ቢሸሽ ፖሃ ቤትን አይሸሽም። የተኳረፈም የተካሰሰም ጧት ጧት ያንኑ ትኩስ ፖሃ፣ የተዳመጠ ሩዝ ጥብስ፣ ከጣፋጩ ከጃሌቢ ጋር ሊበላ ከዚያችው ቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሰለፋል። ጊርዳሪላል ቪያስ የሟች ወንድሙን ልጅ ያገኘው እዚያ ነበር፤ የመብራት በዓሉ ዲዋሊ ሊገባ አሥራ ስድስት ቀን ሲቀረው። እንደምትመጣ ቢያውቅ ኖሮ ያን ዕለት ሌላ ሰፈር ሄዶ ይበላ ነበር። ኋላ ግን እንኳንም አላወቅሁ ማለቱ አልቀረም።

ጊርዳሪላል ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት ጨርቅ ሲሸጥ ኖሮ ሱቁን ለልጁ ካስረከበ ወዲህ ውሎው ስልክ ላይ ፖከር መጫወት ሆኗል። ጨዋታው ለማያውቀው እንዲህ ነው። ስድስት ሰዎች በየቤታቸው ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ይሰየማሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ድብቅ ካርታ ይደርሳቸዋል፤ ኋላ አምስት ካርታ የሁሉም የጋራ ሆኖ መሐል ላይ ይገለጣል። አምስቱ ከመገለጣቸው በፊት ግን ተጫዋቹ በሁለቱ ብቻ መወሰን አለበት። ወይ ይጥላል፣ ወይ ገንዘብ መድቦ ይገባል። አብዛኛው ሰው የሚከስረው እዚችው በር ላይ ነው፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ጊርዳሪላል ደግሞ በሩን የሚያልፈው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ይህ ለማሳመር የተባለ አይደለም። ካርታዎቹ በስልኩ ግርጌ ብቅ ሲሉ በግራ አውራ ጣቱ ይሸፍናቸውና በቀኝ እጁ «እገባለሁ» የሚለውን ይጫናል። ጣቱን የሚያነሳው ከገባ በኋላ ነው። ልማዱን ያመጣው ከዲዋሊ ምንጣፍ ነበር። በዲዋሊ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ በሚጫወታት ባለ ሦስት ካርታዋ ቲን ፓቲ፣ ካርታውን ሳያይ የሚገባ ሰው ይጨበጨብለታል፤ አይቶ የሚጥል ይሳቅበታል። ጊርዳሪላልም ሃምሳ ዓመት ሲጨበጨብለት የኖረ ሰው ነው።

ያን ጧት የፖሃውን ሳህን በጉልበቱ ደግፎ፣ ስልኩን ወንበር ላይ አስደግፎ፣ አውራ ጣቱን እንደ ልማዱ ካርታው ላይ ጣል ሲያደርግ ከኋላው ድምፅ ሰማ።

«ኧረ ታውጂ፣ ይጣሉት!»

ታውጂ የአባት ታላቅ ወንድም መጠሪያ ነው። ጊርዳሪላል አንድ ወንድም ነበረው፣ ወንድሙም አንዲት ልጅ። ስለዚህ ዞር ሳይል ማን እንደሆነች አወቀ። ማንድቪ ናት። ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ የአባቷ የኬሻቭ ቅንድብ እንዳለ ፊቷ ላይ ተቀምጧል። ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኬሻቭ ለቅሶ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ እግሩን ነክታ ሰላም ብላው አለፈች።

«ጣቴን አንስቼ ሳላየው ምኑን ነው የምጥለው?» አለ፣ ድንጋጤውን በቀልድ ሊሸፍን።

«እሱን እኮ ነው የምለው። ሳያዩ ሊገቡ ነው።»

«ቁጭ በይ በይ። አባትሽም እንዲህ ከኋላ መጥቶ ሲያስደነግጠኝ ነው የኖረው። እናትሽ ደኅና ናት? ጣፋጩ አምና ደረሳችሁ?»

«ደረሰን። ካቻምናም ደርሶናል።»

«ታዲያ ዘንድሮ ለዲዋሊ ትመጣላችሁ?»

«እማ አትመጣም ታውጂ።»

«ለአንዲት ቀልድ አሥራ አንድ ዓመት! ሰው እንዴት ይህን ያህል ቂም ይይዛል?»

ማንድቪ ጃሌቢዋን ቆርሳ ጎረሰችና፣ «ይቅር እሱ። ይልቅ ስልክዎን ያሳዩኝ፣ ስንት ዙር እንደገቡ ልይ» አለች። የምትሠራው የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ አደጋ በማስላት ነው፤ ሰው መኪናውን ስንት ጊዜ እንደሚያጋጭ ከማንም በፊት የምታውቅ እሷ ናት። ስልኩን ትንሽ ነካክታ የጨዋታውን ታሪክ አወጣችና ሳቀች።

«ከመቶ እጅ ሰማንያ አንዱን ገብተዋል! ታውጂ፣ ይሄ ፖከር ነው ወይስ የሠርግ ጥሪ?»

«ልጫወት ገብቼ ልተኛ ነው? ለመጣል ከሆነማ ቤቴ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብ የለ!»

«ለመጫወት የሚከፍሉትን ያህል ለጋዜጣ ቢከፍሉ ኖሮ ማተሚያ ቤቱ የእርስዎ ነበር። ከመቶ ሃያ አምስቱን ቢገቡ ይበቃል። የቀረውን መጣል ነው።»

«ስሚ፣ ባለፈው ቅዳሜ ሰባትና ሁለት ይዤ ሁለት አስ የያዘውን ሰውዬ አመድ አላለበስኩትም? ሰባትና ሁለት፣ ከካርታ ሁሉ የከፋውን! ጥዬው ቢሆን ያ ሁሉ ገንዘብ ይመጣ ነበር?»

«አልመጣም ነበር። ከዚያች ቅዳሜ በፊት ሰባትና ሁለት ይዘው ስንት ጊዜ ገቡ?»

ሽማግሌው ወደ ፖሃው አቀረቀረ።

«እኔ ልንገርዎት፣ እዚሁ ተጽፏል። ሠላሳ አራት ጊዜ። አንዱን ያስታውሳሉ፣ ሠላሳ ሦስቱን ረሱት።»

«እሺ ሰባትና ሁለት ይቅር። ሁለቱም ባለ ልብ ሲሆኑስ? ንጉሥና አራት፣ ሁለቱም ቀይ ልብ! እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር ይጣላል?»

«ቆንጆ ነው፣ ግን አያበላም። አምስቱም ካርታ ወጥቶ አምስት ባለ ልብ የሚሞላልዎ ከመቶ ስድስት ጊዜ ነው። ዘጠና አራቱን ጊዜ ያቺ አራት አብራዎት ታለቅሳለች። ንጉሥም ቢወጣልዎ፣ ሌላው ንጉሥና አስ ይዞ ይጠብቅዎታል።»

ጊርዳሪላል ሳህኑን አስቀመጠና ተስተካክሎ ተቀመጠ። እንዲህ ሲቀመጥ ክርክሩን ከልቡ መያዙ ነው፤ ሱቅ እያለም ዋጋ የሚከራከረው እንዲሁ ነበር።

«ልጄ፣ አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። ሳያዩ መግባት ድፍረት ብቻ አይደለም፤ ርካሽም ነው። አይቶ የሚጫወተው ሁለት ሲከፍል ሳያይ የሚጫወተው አንድ ነው የሚከፍለው። አባቶቻችን ሞኞች አይደሉም።»

«እሱማ በቲን ፓቲ ነዋ!» አለች ማንድቪ፣ ይህችን እስኪላት ስትጠብቅ የቆየች ይመስል። «እዚያ ለጨፈነ ሰው ግማሽ ዋጋ ይቀነስለታል፤ ስለዚህ ቢጨፍን ያዋጣዋል። አባቶቻችን ልክ ናቸው። ግን ታውጂ፣ ይሄ ፖከር ነው። አውራ ጣትዎን ስላስቀመጡ የቀነሰልዎ ሰው አለ? ካዩትም ካላዩትም እኩል ነው የሚከፍሉት። ጭራሽ ባለ ጨዋታው ኩባንያ፣ አምስቱ ካርታ መገለጥ ከጀመረ፣ ከእያንዳንዱ መደብ፣ መሐል ከተሰበሰበው ገንዘብ ላይ፣ ድርሻውን ያነሳል። ቅናሽ በሌለበት ገበያ ቅናሽ እንዳገኘ ሰው እየገዙ ነው።»

ይህች ንግግር ገባችው። ነጋዴ ነዋ፤ ቅናሽ የሚለውን ቃል ሰምቶ ችላ ሊል አይችልም። አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ ተመለከተው፤ ዛሬ ገና ያየው ይመስል። ነገር ግን ሽማግሌ በአንዴ እጅ አይሰጥም።

«እሺ፣ አየሁ እንበል። በርካሹ፣ ያችኑ ትንሿን ብቻ ከፍዬ ገብቼ ብሞክርስ?»

«ወይ ጨምረው ይግቡ፣ ወይ ይጣሉ። ለሙከራ የሚገባ ካርታ፣ የመጨመር አቅም ከሌለው የመግባትም አቅም የለውም። ሲጨምሩ ሌላው የሚጥልበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዴ አምስቱ ሳይገለጡ መደቡን ይወስዳሉ። ዝም ብለው ሲከተሉ ግን ያንን ዕድል ለማንም አሳልፈው ሰጡ ማለት ነው።»

«ጥሩ ጥሩውን ብቻ ከገባሁማ ሁሉ አውቆብኝ ይሸሸኛል!»

«ለዚህ ነው ወንበርዎን የሚያዩት። መጀመሪያ የሚወስነው ወንበር ላይ ሲሆኑ ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ይብቃዎት፤ ከኋላዎ አምስት ሰው ገና አልተናገረም። ወደ መጨረሻ የሚወስነው ወንበር ላይ ሲሆኑና ከፊትዎ ያለው ሁሉ ሲጥልልዎ አርባም ይግቡ። እርስዎ ታዲያ ይሄን ከእኔ ይማራሉ? የሱራት ጨርቅ በጨረታ ሲሸጥ መጀመሪያ ዋጋ ይጠሩ ነበር ወይስ መጨረሻ?»

«መጨረሻ ነዋ! የሌላውን ሳልሰማ ምን አስቸኮለኝ።»

«ከሚመጣልዎ አሥር ጥቅል ስንቱን ይገዙ ነበር?»

«አንድ። ብዙ ከተባለ ሁለት። ጨርቅ በጣት ካልዳሰሱት…»

«ስምንቱን ሲመልሱ ፈሪ ያለዎት ሰው አለ?»

«ማን አባቱ ይለኛል!»

«አምባርስ አምጥቶ ፊትዎ ያስቀመጠ አለ?»

ጊርዳሪላል የፖሃውን ሳህን ገፋ አደረገው። ፖሃ ሻጩ ጭልፋውን ሲያንኳኳ፣ ሰው ሲሳሳቅ፣ ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ሁሉ ይሰማዋል።

ነገሩ ይህ ነበር። ኬሻቭ በዲዋሊ ምንጣፍ ላይ ካርታው እንደደረሰው አንስቶ ያያል፤ አብዛኛውን ይጥላል። ከጣለ በኋላ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ የሰዉን ጨዋታ ያያል። ፊቱ የተከመረው ቅርፊት ከማንም ይበልጥ ነበር። ሲገባ ግን ጨምሮ ይገባል፣ ብዙ ጊዜም ይወስዳል፤ ጊርዳሪላል ይህን አይቶ እንኳ ዕድል ነው ይለው ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጊርዳሪላል ሳያይ ገብቶ ሳያይ ሲከስር አምሽቶ፣ ወንድሙ ለሰባተኛ ጊዜ ሲጥል ንዴቱን መቻል አቃተው። የኦቾሎኒውን ሳህን ከፊቱ ነጠቀው። ከገዛ ሚስቱ ከጎማቲ እጅ ላይ ሁለት አረንጓዴ የመስታወት አምባር አውጥቶ በወንድሙ ካርታ ላይ አስቀመጠና፣ «እንካ አጥልቀው፤ አንተን የሚያምርህ ይሄ ነው» አለ። በዚያ አገር ለወንድ ልጅ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኬሻቭ ሚስት ናርማዳና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ማንድቪ ከበሩ አጠገብ ቆመው ያያሉ። ኬሻቭ ጫማውን ፈልጎ አደረገና ወጣ። ከዚያ ወዲህ የታላቅ ወንድሙን ደጃፍ አልረገጠም።

«ቀልድ ነበር እኮ» አለ ሽማግሌው። ድምፁ ግን ራሱንም አላሳመነውም።

ማንድቪ ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። «አባቴ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከእኔ ጋር ስልክ ላይ ይጫወት ነበር፤ በትንሽ ገንዘብ። ይሄ ቁም ሣጥኑ በር ላይ የለጠፈው ነው። ሁልጊዜ ይዤው እሄዳለሁ።»

ጊርዳሪላል መነጽሩን አደረገ። የወንድሙ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ትንንሽ፣ ቀጥ ያለ፣ ትምህርት ቤት ሳሉ አስተማሪው የሚያመሰግንለት። ስድስት ወንበር በስድስት መስመር ተጽፏል። በየመስመሩ የሚገባባቸው ካርታዎች ተዘርዝረዋል፤ ለመጀመሪያው ወንበር ጥቂት፣ ወደ ታች ሲወርድ እየሰፋ እየሰፋ የሚሄድ። ከግርጌው፦ «መጀመሪያ እይ። የአንተ ካልሆነ አትንካው። የአንተ ከሆነ አታመንታ» ይላል።

«አባቴ ፈሪ አልነበረም ታውጂ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ያይ ነበር፤ ሌላ ምንም የለም።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት። አርባ ዓመት ሙሉ አሥር ጥቅል ዳስሶ ስምንቱን ሲመልስ ብልህ የተባለ ሰው፣ ወንድሙ ያንኑ በካርታ ቢያደርገው አምባር አምጥቶ አስቀመጠለት። ይህን ያህል ደንቆሮ ነበርኩ ብሎ አሰበ፤ ሳይቆይም ጮክ ብሎ ተናገረው።

«እናትሽ ምን ብላ ነው የማትመጣው? በእውነት ንገሪኝ።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው። የተባለው በሰው ፊት ነው፤ የሚነሳውም በሰው ፊት ነው።»

«በይ ጥሪልኝ። አይደለም፣ እኔው ራሴ መጥቼ እጠራታለሁ።»

በቀሩት ቀናት ጊርዳሪላል ሁለት ነገር አደረገ። ጧት ጧት በትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ ማንድቪ የሰጠችውን የወንድሙን ወረቀት ግልባጭ አስቀምጦ፣ አውራ ጣቱን ኪሱ ከትቶ ተጫወተ። ሀብታም አልሆነም፤ ሆኗል ያለ ሁሉ ውሸታም ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ እንደ ቀድሞው አይፈስም ነበር። ከሁሉ የገረመው መጣል ዕረፍት መሆኑ ነው። ከጣለ በኋላ ሌሎቹ እንዴት እንደሚጫወቱ ማየት ጀመረ፤ ማን ሲያጋንን፣ ማን ሲፈራ። ኬሻቭ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ የሚያየው ይህንን እንደነበር ገባው። ሁለተኛው ነገር፣ ወንድሙ ቤት ሄደ። ናርማዳ የሳሪዋን ጫፍ ግንባሯ ላይ ሳብ አድርጋ ሻይ አቀረበችለት፤ ጥሪውን ሰማች፤ እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም።

የዲዋሊ ዕለት ለሀብት አምላኳ ለላክሽሚ ጸሎት ተደርጎ፣ ኩራዞቹ በየደረጃው ተደርድረው፣ ገና በጊዜ ምንጣፉ ተዘረጋ። የድሮዎቹ ሁሉ ነበሩ፤ በዚያ ምሽት ከሁሉ በላይ ስቆ የነበረው ጎረቤቱ ባንሲም ነበረ። ጊርዳሪላል በኪሱ ሁለት አረንጓዴ አምባር ይዟል። ሐሳቡ በሰው ፊት ራሱ ሊያጠልቃቸው ነበር። ካርታው ሲታደል ናርማዳ ከልጇ ጋር ገብታ ያችው በር አጠገብ ተቀመጠች።

ጊርዳሪላል ሦስቱን ካርታ አንስቶ አየ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጣላቸው።

«ምነው፣ ታመምክ እንዴ?» አለ ባንሲ።

ሁለተኛው ዙርም መጣ፤ አየ፤ ጣለ። ሦስተኛውንም እንዲሁ።

«ኧረ ጎማቲ ባቢ!» ብሎ ጮኸ ባንሲ፣ የወንድም ሚስት በምትጠራበት ስም፣ «ለባልሽ አምባር አምጪለት!»

ቤቱ ሳቀ። ያው የድሮው ሳቅ ነው። ጊርዳሪላል ጆሮው ሲግል፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ሲጠፋው፣ ወንድሙን በዚያች ሰዓት የተሰማው ምን እንደነበር አሁን በገዛ አካሉ አወቀው። እጁን ኪሱ ከትቶ አምባሮቹን ጨበጠ። ቀና ሲል ግን የናርማዳን እጆች አየ። ባዶ ነበሩ፤ አምባር ባል ያላት ሴት ጌጥ ነውና፣ የእሷ ባሏ የሞተ ዕለት በወጉ ተሰብረዋል። በእሷ ፊት ባጠልቃቸው ሌላ ስድብ ነው ብሎ አምባሮቹን ኪሱ ውስጥ ተዋቸው።

«ባንሲ፣ ይህቺን ቀልድ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አለ። ሳቁ ቆመ። «እዚህ ቦታ ላይ፣ በሚስቱና በልጁ ፊት፣ ወንድሜን ፈሪ ያልኩት እኔ ነኝ። ኬሻቭ ፈሪ አልነበረም። ከሁላችንም መሐል ዓይኑን ገልጦ የሚጫወት እሱ ብቻ ነበር። ዕውሩ እኔ ነበርኩ፣ እናንተም ለዕውር አጨበጨባችሁ። ይኸው በሰው ፊት ብያለሁ። ናርማዳ፣ ይቅር በይኝ።»

ናርማዳ ቀና ብላ አየችው።

«ባይ ሳብ» አለች፣ የባል ታላቅ ወንድም በክብር እንደሚጠራው፣ «ጣፋጭ ሲልኩ እሱ አይበላም ነበር። በየዲዋሊው ነጭ ኩርታውን አስተኩሶ ለብሶ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ‹ዘንድሮ ራሱ ይመጣል፤ ሲመጣ ተዘጋጅቼ ልጠብቀው› ይላል። ዘጠኝ ዲዋሊ ተቀመጠ። እኔ ይቅር ብያለሁ። እሱ ግን እርስዎን ሲጠብቅ ነው የሞተው።»

ጊርዳሪላል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሽማግሌ በሰው ፊት ማልቀሱን ነውር ነው ያለው የለም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ጥቅም ለካርታ ተጫዋች ብቻ አይደለም። አይቶ የሚገባ ሰው ያነሰ ይከስራል፤ ያልሆነውን የሚጥል ሰው ለሆነው አቅም ይተርፈዋል፤ ከገባም አያመነታም። ከአባት የተወረሰ ልማድ በቦታው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ሲለወጥ ግን እንደ አዲስ መመርመር ይገባዋል። የማይመስለውን ያደረገ ሰው ሲያይ ለመሳቅ የሚቸኩልም፣ ምናልባት ሞኙ ማን እንደሆነ ቆም ብሎ ይጠይቅ። ጊርዳሪላል ይህን ሁሉ ከዚያ ወዲህ ለሰው ሲመክር ኖሯል። አንዲቷን ግን ጨምሮ ይመክራል፦ ወንድምህ በሕይወት ሳለ ወደ እሱ የምትሄድበት መንገድ፣ ተራህ እስኪደርስ የሚጠበቅበት ጨዋታ አይደለም።

ያን ምሽት ጨዋታው ሲቀጥል ካርታ እንደገና ታደለ። ጊርዳሪላል አየና ጣለ። ናርማዳ ከበሩ ተነስታ መጣች፤ የኦቾሎኒውን ሳህን አንስታ ፊቱ አስቀመጠችለትና አጠገቡ፣ ኬሻቭ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው አንዷን ፈለፈለ፤ ፍሬዋን ለማንድቪ ሰጠ፤ ቅርፊቷን ፊቱ አኖረ።